አሥራ አምስተኛው ቀን

የዑምኩልሱም ሬሳ የተገኘው ከውጫሌ በላይ፣ የእርከን ሥራ ከሚሠራበት ተዳፋት ላይ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ነበር። ጭንቅላቷ ተፈንክቷል። የፖሊስ ኢንስፔክተሯ ማዕረግ ስትደርስ ሠራተኞቹ ዱላ አንስተው ፎርማኑን አራጋውን ከበውታል።

«እሱ ነው የገደላት!» አለ የሟች ወንድም ሙአዊያ። «ትናንት ‹ደግመሽ ካረፈድሽ ቀንሽን እሰርዘዋለሁ› ሲላት ሁሉም ሰምቷል።»

«ብያለሁ፤ እጄን ግን አላነሳሁባትም» አለ አራጋው። «ዛሬ ጭራሽ አላየኋትም። የፊርማ መዝገቡን ዕቃ ቤት ትቼ መስመር ስለካ ነበር።»

ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ እርዳታው የሚሰጠው ለሠራ ብቻ ነው። በወር አሥራ አምስት ቀን የሞላ ቤተሰብ ስንዴ ይወስዳል፤ አሥራ አራት የሠራ ባዶ እጁን ይገባል። ማዕረግ መዝገቡን ገለጠች። የዑምኩልሱም የአሥራ አምስተኛው ቀን አሻራ አለ፤ ግን ተዘቅዝቋል። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ጫማዋንና ቁስሉን አየች። ከዚያ በጦርነቱ እግሩን ወዳጣው ባሏ ወደ ሰዓድ ዞረች።

«ጧት በስንት ሰዓት ወጣች?»

«በ... በጊዜ።»

«በእግሯ?»

ሰዓድ ምርኩዙን ይዞ ወደ ሬሳው ፈቀቅ አለ።

ማዕረግ ሁሉንም ሰበሰበች። «ሌሊቱን ዘንቧል። የሁላችሁም ጫማ በጭቃ ተለውሷል፤ የሷ ንጹሕ ነው። እዚህ በእግሯ አልመጣችም። ቁስሏ አልደማም፤ ድንጋዩ ሲመታት ሞታ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ አይፈርምም፤ ጣቷን ይዞ ያተመላት አለ። አራጋው ገድሏት ቢሆን ኖሮ ቀን ሊሞላላት አይደክምም ነበር። ሙአዊያ፣ እጅህን አሳየኝ። የራስህን አውራ ጣት ለማተም መዳፍህ ሙሉ ቀለም ምን ይሠራል?»

ሙአዊያ ተንበረከከ። «ወላሂ የገደላት የለም! የራሷን ድርሻ ለልጆቹ እየሰጠች ስንት ቀን ሳትበላ እንደዋለች አላህ ያውቃል። ጧት ጫማዋን አጥልቃ ልትወጣ ስትል ደጃፉ ላይ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። አንድ ቀን ነበር የጎደላት! ሥራ ላይ ሞተች እንዲባል ተሸክሜ አመጣኋት። ካቡን ሳወርዳት ከእጄ አመለጠችኝ።»

«አራጋውንስ ለምን አስያዝከው?»

«ቁስሉን አይተው ‹ማን መታት?› ሲሉ... ፈራሁ።»

ዑምኩልሱም የሞተችበትን ሰዓት ማዕረግ እንዳለ ጻፈች። አራጋው «ሕጉ እኮ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ አሥራ አምስተኛውን አሻራ ሰረዘው።

«ልጆቹ ሦስት ናቸው» አለ ሰዓድ፣ ማንንም ሳያይ።

ሰዎቹ ዱላቸውን ጥለው ለከፈን ማዋጣት ጀመሩ። ለልጆቹ ስንዴ ግን ያዋጣ አልነበረም።