ቀዩ ካሴትና ነጩ ካሴት

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ጣና በየጧቱ ጭጋግ ይለብስ ነበር። ከዳር ሆኜ ስመለከት ታንኳዎቹ በአየር ላይ የሚሄዱ ይመስሉኝ ነበር። ሣህሉን ከማወቄ በፊት ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ባሕር ዳር የተመለስሁት በ1979 ነው። በአንድ ኮሌጅ የድምፅና ምስል ክፍል ተመደብሁ። ሰው ፊት መናገር አልወድምና ከመሣሪያ ጋር መዋል ተስማማኝ። አባቴ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የዜማ መምህር ናቸው። ያደግሁት ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው «ወረደብህ፤ መልሰህ አንሣው» ሲሉ እየሰማሁ ነው።

አንድ ቀን የከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ ሊቀ መንበር ጓድ አስማማው ቢሮዬ መጣ።

«አደይ፣ በጥር እረፍት ለሠራተኛው ልጆች የካርቱን ፊልም ልናሳይ ነው። ሁለት ካሴት ከውጭ ተልኮልናል። ፊልሙ አንድ ነው፤ የታተመበት አገር ግን ለየቅል ነው። ከኛ ሰው ጋር ሆነሽ የሚሻለውን ምረጭልን።»

«የኛ ሰው» ያለው ሣህሉ ነበር። ከናዝሬት የመጣ፣ በፋብሪካው የማቅለሚያ ክፍል የሚሠራ፣ ረጅምና ዝምተኛ ወጣት። ፊልሙ ፀሐይን ፍለጋ ባሕር ስለምታቋርጥ አንዲት ትንሽ ፋኖስ ነው። አንዱ ካሴት ቀይ ወረቀት፣ ሌላው ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከቀዩ ጥቂት አየን፤ ከዚያ ያንኑ ቦታ በነጩ ደገምነው።

«ቀዩ ይሻላል» አለ ወዲያው። «ይህን ባሕር ይመልከቱ። ሰማያዊ ነው፤ ከሥሩ ግን አረንጓዴ አለበት። ነጩ ላይ ታጥቦ ታጥቦ የለቀቀ ጥለት መስሏል።»

«እኔ ነጩን መርጫለሁ» አልሁ።

«ምኑን አይተው?»

«አላየሁትም። ሰማሁት።»

ፈገግ አለ። «ለካ ለዚህ ነው። ፊልም ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ሰው ዛሬ ገና ገጠመኝ።»

ዓይኔን መጨፈኔን አላወቅሁም ነበር። አፍሬ ወደ ካሴቶቹ ዞርሁ። ቀዩ ወደ ካሴት ሲገለበጥ ፊልሙ ትንሽ ፈጥኖ እንደዞረ፣ በዚህም ድምፁ ከቦታው ከፍ እንዳለ፣ ከኋላው ደግሞ ቀጭን ፉጨት እንዳለበት ነገርሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «እህ» ብሎ ወለሉን አየ። ያልተስማማ መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ክፍል በክፍል አነጻጸርነው። እሱ ቀለሙን ይነግረኛል፤ እኔ ድምፁን እነግረዋለሁ። ፋኖሷ በማዕበሉ ላይ ስትንሳፈፍ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ ጨርቅ እንደሚመረምር ሰው ይመለከታታል። እኔ ደግሞ ቀስ በቀስ እሱን መመልከት ጀመርሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሐይቁ የማውቀው ሐይቅ አልነበረም። ማታ ማታ እንደ ወይን ጠጅ ይጠቁራል፤ ዳር ዳሩ እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ በፊት እንዴት አላየሁትም? «እርስዎ» የሚለው «አንቺ» ወደሚለው መቼ እንደተለወጠም አላስታውስም።

ምርጫችንን ለክበቡ ኮሚቴ የምናስረዳበት ቀን ደረሰ። ሰው ፊት መቆሙ ጨንቆኝ እንዲያግዘኝ ወደ ሣህሉ ዞርሁ።

«በቀዩ ላይ ያለው ፉጨት ለአንተም ይሰማሃል አይደል?»

አስማማው ሳቀ።

«እሱን ነው የምትጠይቂው? በሽመና መኪና መሀል ያረጀ ጆሮ፣ ነጎድጓድ ካልሆነ ምን ይሰማዋል?»

«ለመሪጌታ ልጅ ደንቆሮ ዳኛ አመጣንላት» አለ ሌላው።

ሁሉም ሳቁ። ሣህሉም ከሁሉም በኋላ ሳቀ፤ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም።

የክበቡ ሻይ ቤት ኃላፊ እትዬ አገርነሽ ሻዬን አስቀምጠው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽው?»

«ምንም።»

«ምንምማ ሰው አያከሳም። በቀደም ‹እዚህ ዘመድ የለኝም፤ መሪጌታ ቤት የመሥሪያ ቤት ሰው ሽማግሌ ብልክ ይቀበሉኛል?› እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ትናንት ደግሞ ‹ይተዉት እትዬ፤ ወደ ናዝሬት ዝውውር ልጠይቅ ነው› አለኝ። አንቺም እንዲህ አቀርቅረሽ ሸኚው።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። በቤታችን ሴት ልጅ ትጠየቃለች እንጂ አትጠይቅም። ዝምታዬን እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ታወራው ነበር፣ እንደ ሙያ። ያን ቀን ግን አንድ ቃል ካልተናገርሁ ሣህሉ እንደሚሄድ ገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዘጌ ታንኳዎች እንጨት በሚያራግፉበት ዳርቻ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አውቄ እንዳላዋረድሁህ...»

«አላዋረድሽኝም። እውነት ነው።» ዓይኑን ከውኃው አላነሣም። «እዚህ ከመምጣቴ በፊት በሌላ ከተማ ሽመና ላይ ነበርኩ። መኪናው ቀጫጭኑን ድምፅ ወሰደብኝ። ያን ፉጨት አልሰማውም። እነዚያን ወፎችም አፋቸውን ሲከፍቱ ብቻ አያቸዋለሁ።»

ከፊታችን በደንገሉ ላይ ወፎች ይንጫጩ ነበር።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ለዜማ መምህር ልጅ? ይህን ጆሮ ይዤ አባትሽ ደጅ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

አንድ ታንኳ ሸክሙን አራግፎ፣ ቀሎት፣ ወደ ጥልቁ ተመለሰ። እስኪርቅ ድረስ ሁለታችንም አየነው።

«እኔ የምናገረው ይሰማሃል?»

«ያንቺማ ይሰማኛል።»

«ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።»

«ቀስ ብለሽ ነው። ይሰማኛል።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ።»

የነጠላዬን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝሁ። ሣህሉ ዞሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ።

«ፊትሽ ስም የሌለው ቀለም ሆነ» አለ በመጨረሻ።

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ማቅለሚያ ክፍል ቢያዩት ሳምንት ይለፉበታል።»

በጥር እረፍት ለልጆቹ ሁለቱንም ካሴቶች በሁለት ማጫወቻ አንድ ላይ አጫወትን፤ ምስሉን ከቀዩ፣ ድምፁን ከነጩ። ኮሚቴው የማይሆን ነው ብሎ ነበር። ቀዩ ስለሚፈጥን ሣህሉ በየትዕይንቱ መጨረሻ ያቆመዋል፤ ነጩ ሲደርስበት እኔ ትከሻውን ነካ አደርገዋለሁ፣ እሱም ይለቀዋል። ፋኖሷ በማዕበሉ ጫፍ ላይ ቀጥ ስትል ልጆቹ አብረዋት ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። ፊልሙ እንዲያ መሠራቱን አልተጠራጠሩም።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ሁሉም የማቅለሚያ ክፍል ሰዎች ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ደርበዋል፣ ጥፍራቸው ግን ሰማያዊ ነው። እናቴና እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን።

«ተቀመጡ» አሉ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ አበራ የሚባሉት። የልጁን አገር፣ ወላጆቹን፣ ጠባዩን ተናገሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌ ጉድለት አያወራም፤ ልጁ ግን ሳትደብቁ ንገሩልኝ ብሎናል። ቀጭን ድምፅ አይሰማም።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተማሪ ሲሳሳትባቸው እንደሚያደርጉት መሰለኝ።

«ልጄ ይህን ታውቃለች?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እናቴ እጄን ያዘችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነበር።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አልሁ ከመጋረጃው ጀርባ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጎልቶ ወጣ።

ከዚያ የአባቴ መቋሚያ ወለሉን ቀስ ብሎ ነካ።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ። «ልጁም በሚቀጥለው እሑድ ራሱ ይምጣ። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነጋግረዋለሁ።»