የአራት ቁጥር መብራት

ስልኩ ሲጮህ ቡርጊ አልጋዋ ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ ፎቶ እየለጠፈች ነበር። ጫማ ሳታደርግ ደረጃውን ሮጣ ወረደች። እናቷ ሮስቪታ ምድር ቤት አንሶላ እያጠበች ነው። ማሽኑ መሽከርከር ከጀመረ ደግሞ እንኳን ስልክ፣ ጣሪያው ቢወርድም አትሰማም።

«የሮስቪታ እንግዳ ማረፊያ፣ እንደምን ዋላችሁ» አለች ቡርጊ፣ ለእንግዳ ብቻ በምታወጣው ድምፅ።

«ቡርጊዬ! አንቺ ነሽ? ትልቅ ሴት መስለሽኝ ደነገጥኩ እኮ!»

አባባ ኤርቪን ናቸው። ድሮ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የነበሩ፣ ተራራ ከሌለበት የጀርመን አገር በየዓመቱ የካቲት ላይ ከሚስታቸው ከሂልትሩድ ጋር የሚመጡ ሰው። ዘንድሮ ይመጣሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። መከር ላይ ሂልትሩድ ማረፋቸውን የሚናገር ጥቁር ጠርዝ ያለው ካርድ በፖስታ መጥቶ ሮስቪታ ማድ ቤት ቁጭ ብላ አልቅሳለች።

«ልመጣ ነው» አሉ። «ሂልትሩድ የለችም። ግን የካቲት ሲገባ እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ወደናንተ ይሄዳል። አራት ቁጥር ትገኛለች?»

አራት ቁጥር ማለት የቡርጊ የራሷ ክፍል ነው።

ሆህብሩን በምትባለው በዚህች የተራራ መንደር ውስጥ ትልቅ ሆቴል ያለው የራሱ አልጋ ላይ ይተኛል። ትንሽ ቤት ያለው የራሱን አልጋ ያከራያል። ከገና እስከ ፋሲካ የቡርጊ ክፍል የእንግዳ ነው፤ በሯ ላይ የነሐስ ቁጥር ተለጥፎበታል። እሷ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው የልብስ መተኮሻ ክፍል፣ በርሜል በሚያህል የውሃ ማሞቂያ አጠገብ ትተኛለች። ሌሊቱን ሙሉ ቧንቧው ሆዱ እንደተነፋ ሰው ሲጮህ ያድራል። ከልጅነቷ ጀምሮ ክረምት ማለት ይኼ ነበር። ዘንድሮ ግን የመግቢያ ፈተና ስላለባት እናቷ «አራት ቁጥርን አላከራይም፣ አጥኚባት» ብላ ቃል ገባችላት። ሌሎቹን ሦስት ክፍሎች ሰው በሽቦ ተንጠልጥሎ ተራራው ላይ የሚወጣበትን ኬብል ካር የሚጠግኑ ሠራተኞች ይዘዋቸዋል።

ለሌላ ሰው ቢሆን እናቷ እንቢ ትላለች። ለአባባ ኤርቪን ግን እንቢ አትልም። ቡርጊ ይኼን እንደ ስሟ ታውቀዋለች።

«ሞልቷል፣ አባባ» አለች።

«አራትም?»

«አራትም።»

ቡርጊ ሲከፋቸው ለመስማት ራሷን አዘጋጀች።

«እሰይ!» አሉ አባባ ኤርቪን። «እሰይ የኔ ልጅ! በሉ ጠንክሩ። እናትሽን ሳሚልኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

«ማነው የደወለው?» ብላ ሮስቪታ ከምድር ቤት ተጣራች።

«ተሳስተው ነው!» አለች ቡርጊ። ወደ ክፍሏ ተመልሳ የቀረውን ፎቶ ለጠፈችው። ጠመመባት። አላቃናችውም።

የካቲት ገባ፤ በረዶ ግን አልገባም። ተራራው ቡናማ ሆኖ ቀረ። በማሽን የተሠራው በረዶ ብቻ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች ተሰምሯል። በረዶ ላይ በስኪ መንሸራተት የለመዱት እንግዶች ክፍላቸውን እየሰረዙ ቀሩ። ከንቲባው ደግሞ ያለ የሌለውን ግድግዳ «ሆህብሩን፦ ዓመቱን ሙሉ!» በሚል ማስታወቂያ ሞሉት። ከተራራው ቁልቁል በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው የመዝናኛ ጋሪ አለ፤ ገደሉ ውስጥ የተዘረጋው የእንጨት መንገድ አለ፤ የሞቀ ውሃ መዋኛ አለ፤ አይብ ሲሠራ ማየትም ይቻላል።

«አይብ ለማየት ማን ይመጣል? አይብ በልተው አያውቁም እንዴ?» አለ ላውሪን፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ማስታወቂያውን ሲያልፍ። ላውሪን የቡርጊ የክፍል ጓደኛ ነው። አባቱ መንደሩ ታች ጫፍ ላይ የወጣቶች ማደሪያ አለው፤ በአንድ ክፍል ስምንት ሰው በተደራራቢ አልጋ የሚያድርበት፣ በመንደሩ ከሱ የረከሰ የሌለ።

«እናንተስ ጋ ሰው አለ?» አለችው።

«ባክሽ! አንድ የእግር ኳስ ቡድንና አንድ ሽማግሌ። አቦ ሽማግሌውን ብታዪው! የቀረው የላይኛው አልጋ ብቻ ነበር፤ እንደ ድመት ነው የሚወጣው። ልጆቹ "አለቃ" ነው የሚሉት። ሲያንኮራፋ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጠዋት ደግሞ ቡና ቀድቶ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። የሻወራችንንም ቧንቧ ሠራልን። አባዬ ገንዘብ አልቀበልህም ቢለው ሊቆጣ ደረሰ።»

ቡርጊ ወደሱ ዞረች። «ስኪ ይጫወታል?»

«ኧረ! ስኪ ነክቼ አላውቅም አለኝ። ስኪ የማይነካ ሰው በየካቲት እዚህ ምን ያደርጋል? ፋራ ነው፤ ግን የሚመች ፋራ። ዛሬ ደግሞ የሐዲዱን ጋሪ ልሞክር ብሎ ወጥቷል።»

ቡርጊ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከመውረጃዋ ቀድማ፣ የሐዲዱ ጋሪ ጋ ወረደች። ላውሪንም «ምን ሆንሽ?» እያለ ተከተላት።

አባባ ኤርቪን በሐዲዱ ላይ ቁልቁል እየመጡ ነበር። ባርኔጣቸውን ነፋስ እንዳይወስድባቸው በጥርሳቸው ነክሰውታል። ጋሪው ሲቆም ባርኔጣውን ከአፋቸው አወጡና፦

«ቡርጊዬ!» ብለው ጮኹ። «ይኼን ሁሉ ዓመት የት ደብቃችሁት ነው? ሆዴ እላይ ቀርቷል፤ ሄጄ ላምጣው!»

ከጋሪው ወርደው አቀፏት። ቀጥነዋል፤ ካፖርታቸው ሰፍቷቸዋል።

«ገደሉን ትናንት አየሁት» አሉ እያለከለኩ። «እዚያ ሥር ወንዝ አለ! እስከዛሬ በረዶ ሸፍኖት እኔና ሂልትሩድ ላዩ ላይ ስንመላለስ ኖረናል። ብታየው እንዴት ትስቅ ነበር!»

«አባባ…» አለች ቡርጊ።

«ምንም አትበይ። ሞልቷል ስትዪኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ አታውቂም። በረዶ እንደሌለ በቴሌቪዥን ሰምቼ ሮስቪታ ምን ይውጣት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ከሞላላችሁ በቃ። እኔ የትም እተኛለሁ። መሬት ሥር ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው የላይኛው አልጋ ሲደርሰው ሹመት ነው።» ላውሪን ሳቀ። ቡርጊ አልሳቀችም።

እናቷ እግሯን የተሰበረችበት ክረምት ትዝ አላት። ያኔ ቡርጊ መዋዕለ ሕፃናት ነበረች። ባልና ሚስቱ ለዕረፍት መጥተው ሂልትሩድ ሽርጥ አስረው ለቤቱ እንግዳ ሁሉ ቁርስ አቀረቡ። አባባ ኤርቪን እሷን ትከሻቸው ላይ አድርገው በበረዶው ውስጥ ወሰዷት፣ መለሷት። ሲሄዱ ደግሞ የክፍሉን ሒሳብ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከፈሉ።

«ቆይ፣ ነገ አመጣልሻለሁ ብዬ ያሰብኩት ነገር እዚሁ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» አሉና ከጀርባ ቦርሳቸው በሴት ሻርፕ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የራስጌ መብራት ነው። የአራት ቁጥር መብራት። አምና ማብሪያው ሲበላሽ «ቤት ወስጄ እሠራዋለሁ» ብለው ይዘውት ሄደው ነበር። ቡርጊ ረስታዋለች፤ ክረምቱን ሙሉ በኮርኒሱ አምፖል ስታጠና ቆይታለች። አምፖሉን የሚጋርደው አሮጌ ጥላ ግን የለም። በምትኩ ቢጫ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው ጨርቅ ተሰፍቶበታል።

«ማብሪያውን እኔ ሠራሁት። ጥላውን ሂልትሩድ ናት የሰፋችው፣ ሐምሌ ላይ፣ ገና እጇ መርፌ ሲይዝላት። "የልጅቷ ዓይን እንዳይጎዳ" እያለች።»

«የልጅቷ?» አለች ቡርጊ።

«ያንቺ ነዋ!» አሉ። «አራት ቁጥር ያንቺ መሆኗን የማናውቅ መሰለሽ? በየዓመቱ ከአልጋው ሥር ካልሲ ትረሻለሽ። ሁልጊዜ የግራውን! ሂልትሩድ ሁልጊዜ ማታ ስንተኛ "የልጅ አልጋ ላይ ነው የተኛነው፣ ኤርቪን፣ ቀስ ብለህ ተገላበጥ" ትለኝ ነበር። የገዛ አልጋውን ለሰው የሚለቅ ልጅ የታለ? እኔ ካንቺ ሌላ አላውቅም።»

ቡርጊ መብራቱን ተቀበለች። ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ቀና ብላ ግን አላየቻቸውም። አባባ ኤርቪን ደስታ መስሏቸው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ለሌላ ዙር ወደ ጋሪው ተመለሱ።

ሁለቱ ልጆች ሽቅብ ወደ ቡርጊ ቤት ሲሄዱ ላውሪን ምን እንደሆነች ጠየቃት፤ ነገረችው። ሁሉንም። ለሱ መንገር ቀላል ነበር።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ ላውሪን። «ዛሬ ሂጂና "አንድ እንግዳ ሰረዘ" በይው። እሱም ክፍል ያገኛል፣ አንቺም ነጻ ነሽ። ማን ያውቃል?»

«ጎበዝ ውሸታም ነህ» አለችው።

«እናቴም እንደዚያ ትለኛለች» አለ ላውሪን ኮራ ብሎ።

እውነትም ነገሩ ያማረ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቡርጊ እስከ ቤቷ ድረስ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ሄደች።

ቤት ደርሳ መብራቱን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አወረደች። መጻሕፍቷን ቅርጫት ውስጥ ከተተች። ከአልጋው ሥር ገብታ አንድ ካልሲ አወጣች፤ የቀኝ ይሁን የግራ አላየችም። አንሶላውን እየገፈፈች ሳለች እናቷ በር ላይ ቆመች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አራት ቁጥርን እያሰናዳሁ።»

«ለማን? ቃል ገብቼልሽ የለ? ማንም ቢመጣ…»

«አባባ ኤርቪን ደውለው ነበር። ያን ቀን። ተሳስተው ነው ያልኩሽ ጊዜ። ሞልቷል አልኳቸው።» አንሶላውን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። «የላውሪን አባት ጋ ነው ያሉት። ላይኛው አልጋ ላይ።»

ሮስቪታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። መብራቱን አየችው። ጨርቁን በጣቷ ነካችው፤ ስፌቱን እያየች የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ስፌቱ መጀመሪያ ላይ ደቃቅ ነበር፤ ወደ መጨረሻው እየሰፋ፣ እየተንጋደደ ይሄዳል።

«ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «ሁለታችን አብረን እናስብ ነበር። አንድ መላ አናጣም ነበር።»

«እሺ ትያቸዋለሽ ብዬ ነው።»

«እል ነበር። አዎ።» ተነሳች። «አንቺም ታኮርፊ ነበር፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆን ነበር። ይኼን ስንቴ አድርገነዋል!» ወጥታ ሄደች። ስትመለስ ለሠርግ እንግዳ ብቻ የሚወጣውን ጥልፍ የትራስ ልብስ ይዛ ነበር። «እንቺ፣ ይኼን አልብሺው። የጥናት ጠረጴዛሽን ደግሞ ሳሎን እናድርገው፤ ሠራተኞቹ ቴሌቪዥናቸውን ማድ ቤት ይዩ። እንቢ ካሉ ከኔ ጋር ነው ጸባቸው።»

«እማዬ…»

«ሂጂ፣ ሳይመሽ። የሳቸው ሻንጣ ድንጋይ ነው የሚመስለው። የአትክልቱን ጋሪ ውሰጂ።»

ቡርጊ መብራቱን ራስጌ ላይ ሰክታ አበራችውና ወጣች። ሌላ ጊዜ የእንግዳ ሻንጣ በበረዶ ላይ ተጎትቶ ነው የሚወጣው። ዘንድሮ ባለ አንድ ጎማውን የአትክልት ጋሪ በአስፋልቱ ላይ እያንኳኳች ወረደች።

ማደሪያው ውስጥ የእግር ኳስ ልጆቹ አባባ ኤርቪንን ከበው ካርታ ይጫወታሉ። «ቦታ አለ፣ እናቴ ናት የላከችኝ» ስትላቸው ልጆቹ «አለቃ፣ አትሂድብን!» እያሉ ጮኹ። ማን ያንኮራፋልናል ያለም ነበር። ላውሪን ከበሩ ጀርባ አውራ ጣቱን አሳያት። እሷ ግን ስለተሰረዘ እንግዳ አልተናገረችም።

ሽቅብ ጀመሩ። እሷ ጋሪውን ትገፋለች፣ እሳቸው ጎን ጎኗን ይሄዳሉ።

«ሰው ሄደባችሁ እንዴ?» አሉ ተጨንቀው። «ሮስቪታን ከሰረዙባት እውነቱን ንገሪኝ።»

«አልሰረዙባትም።»

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቤቱ ታየ። ቀኑ መደብዘዝ ጀምሯል፤ ከላይኛው መስኮት ቢጫ ብርሃን ወጥቷል። አባባ ኤርቪን ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁት እሳቸውም ያወቁ አይመስሉም።

«በርቷል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ፦ «ማነው እዚያ ያለው? አራት ቁጥር ውስጥ?»

ያ ያማረ ቃል አሁንም አፏ ውስጥ ነበር። ቡርጊ ጋሪውን መሬት አስቀመጠችው።

«ማንም የለም፣ አባባ» አለች። «ያን ቀንም ማንም አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ።»

አባባ ኤርቪን መስኮቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መልሰው መስኮቱን አዩ። ቡርጊ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም፤ ግን ሌላ ነገር ልትጨምር፣ ልታሳምር፣ ልታስረዳ አልሞከረችም።

«ታዲያ ዛሬ አንቺ የት ልትተኚ ነው?»

«ማሞቂያው ጋ።»

«ያ ቧንቧ አሁንም ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

«ነገ አየዋለሁ» አሉ። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና ጎንበስ ብለው የጋሪውን አንዱን እጀታ ያዙ። ቡርጊ ሌላኛውን ያዘች። ጋሪው ለሁለት ሰው የተሠራ ስላልሆነ ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳል። እንደዚያው እየተንገዳገደ ወደ መብራቱ ወጣ።