መስመሩ አለ፣ ንግግሩ የለም

አስከሬኑ የተገኘው ላፍቶ፣ ግንባታው ካላለቀ ሕንፃ የአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሟቹ አምሐ ይባላል፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ባለ የኔትወርክ ማሠልጠኛ ዘጠኝ ዓመት አስተምሯል። በዚያው ፎቅ ኮሪደር ላይ ጉድጓዱን የከለለው ጣውላ ወደ ጎን ተንሸራቶ ስለነበር የሕንፃው ሰው ሁሉ አደጋ ነው ብሎ ደምድሟል።

ኢንስፔክተር ሸዋረገድ ስትደርስ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ወንድሟን ቀብራ ወደ ሥራ ከተመለሰች አራተኛ ቀኗ ነው። ሬሳውን አየች፤ ጣውላውን አቁማ ከራሷ ጋር ለካችው። ደረቷ ድረስ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ጣውላ ሰው ቢደናቀፍበት ይይዘዋል እንጂ፣ እጅ ካላንሸራተተው ወደ ጎን አይሄድም። ይህን ስታስብ ምንም አልተሰማትም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኘችውን ረዳት አስተማሪ ትሕትናን ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አምሐን ክፍሉ ውስጥ ትታ ፈተና ልታባዛ ምድር ቤት ወርዳለች፤ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ጣውላው መንሸራተቱን አይታ ወደ ታች ተመለከተች። የፎቶ ኮፒ ቤቱ አብደላ ከዓይኑ እንዳልራቀች መሰከረላት፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ሁለቱም ምንም አልሰሙም።

የማሠልጠኛው ባለቤት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግን ሁለተኛው ፎቅ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ ያያት ሰው የለም። አምሐ ሥራ እለቃለሁ ስላላት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ሰንብተዋል።

«አላለቀስኩም» አለች። «ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ሸዋረገድ በዚህ አልፈረደችባትም።

ሦስተኛው ሉቃስ ነው፤ የፉሪውን ቅርንጫፍ የሚመራ አስተማሪ። ሬሳው ከተነሣ በኋላ ደረሰ። ጠዋቱን ሙሉ ፉሪ ብቻውን እንደነበረ ተናገረ። ሁለቱን ቅርንጫፎች የሚያገናኝ፣ ለተማሪ ማሳያ የቀረ አሮጌ መስመር አለ፤ በየጫፉ መልእክት የሚያስተላልፍ አንድ አንድ ራውተር ተቀምጧል።

«ስልክ አልተደዋወልንም፤ በመስመሩ ነው የተጻጻፍነው» አለ ሉቃስ። «ለዛሬው ትምህርት ሁለቱም ጫፍ ወደ ፒፒፒ ይቀየር አለኝ፤ እኔም የእኔን ቀየርኩ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል መስመሩ መሥራት ጀመረ። ደህና ነበር።»

ሸዋረገድ ቃል በቃል ጻፈችው። ፒፒፒ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር።

የአምሐ ኮምፒውተር በይለፍ ቃል ተቆልፎ ነበር። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የከፈተችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኢንስፔክተሯ ፊት ነው። ሟቹ አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ራውተሩን ስለ መስመሩ ጠይቆታል፤ የራውተሩ መልስ ከነሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ቆሟል። ትሕትና በጣቷ እያሳየች አነበበችላት።

«እዚህ ጋ መስመሩ አለ ይላል፤ ገመዱ ደህና ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ግን ፕሮቶኮሉ፣ መነጋገሪያ ቋንቋው፣ የለም ይላል። ሁለቱ ጫፎች አልተግባቡም። ይኸኛው ጫፍ በፒፒፒ ነው የሚናገረው፤ ፉሪ ያለው በሌላ።»

«እንዲህ ሆነው መጻጻፍ ይችላሉ?»

«አንዲት ፊደል አታልፍም።»

ነጭ ሰሌዳው ላይ በአምሐ እጅ የተጻፈው የዕለቱ ትምህርት ደግሞ ፍሬም ሪሌይ የሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ነበር። ትሕትና ወደ ምድር ቤት ስትወርድም የአምሐ ራውተር የተዘጋጀው በእሱው ነበር፤ ፒፒፒ የሚባል ነገር አልተነሣም።

በፖሊስ መኪና ፉሪ ወረዱ። ትሕትና እዚያ ያለውን ራውተር ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። ኤችዲኤልሲ ሲል የሌላ ፕሮቶኮል ስም መለሰ።

«ሲገዛ ይዞት የመጣው ነው» አለች። «ማንም አልቀየረውም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሸዋረገድ ሦስቱንም አምሐ ያስተምርበት የነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሉቃስ ከጸሎት ቤት በቀጥታ ነው የመጣው፤ ክራባቱን አልፈታም። ስክሪኑ ላይ የነበረውን ያተመችበትን ወረቀት ሰጠችው።

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

ረጅም ጊዜ አየው። «ፒፒፒ ነው» አለ። «መስመሩ ይሠራል።»

ትሕትና አንገቷን ደፋች።

ሸዋረገድ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ማስረዳት ጀመረች። ያ ወረቀት መስመሩ እንደማይሠራ ነው የሚናገረው። የፉሪው ራውተርም አልተነካም፤ የአምሐ ግን ፊት በፍሬም ሪሌይ፣ ኋላ በፒፒፒ ስለነበር ሁለቱ አንዴም አልተግባቡም። ስለዚህ በመስመሩ የተጻጻፈ ሰው የለም፤ የሁለቱም ስልክ ተመርምሮ በዚያ ጠዋት እንዳልተደዋወሉ ታውቋል። አምሐ ሐሳቡን ከፍሬም ሪሌይ ወደ ፒፒፒ የለወጠው ትሕትና ከወረደች በኋላ ነው። ኮምፒውተሩም ሉቃስ ቃሉን ሰጥቶ እስኪጨርስ አልተከፈተም።

«ታዲያ ፒፒፒ የሚለውን ቃል እርስዎ ከየት አገኙት?» አለች። «የነበረው እዚህ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ሊያዩት የሚችሉት ከአምሐ ጎን ከቆሙ ነው። ቃሉን አዩ፤ ፕሮቶኮሉ የለም የሚለውን ግን ማንበብ አልቻሉም።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ቀስ ብላ ወደ ሉቃስ ዞረች። «ስቀጥርህ የምስክር ወረቀትህን እኮ እኔ ነኝ ያየሁት» አለችው።

ሉቃስ አልካደም። የምስክር ወረቀቱን ሰው ነው በሐሰት የሠራለት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ እየሸመደደ አስተምሯል። አምሐ ጠርጥሮት ቅዳሜ ጠዋት እንዲመጣ ቀድሞ ነግሮት ነበር። ሰሌዳው ላይ የጻፈውን የዕለቱን ትምህርት ሸምድዶ እንደሚመጣ ስለገመተ፣ ዓይኑ እያየ የመስመሩን ጫፍ ወደ ፒፒፒ ለወጠና ራውተሩ ምን እንደሚል ንገረኝ አለው። ሉቃስ ፒፒፒ ከሚለው ቃል በቀር ማንበብ አልቻለም። አምሐ አልተቆጣም፤ ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ አብረን እንንገራት ብሎ ተነሣ። ኮሪደሩ ላይ ሉቃስ እስከ ሰኞ ጊዜ ስጠኝ ብሎ ለመነው። አምሐ አልሰማውም። ሉቃስ ከጀርባው ሆኖ ጣውላውን ወደ ጎን አንሸራተተና አምሐን ገፋው።

ይህን ሁሉ የተናገረው መንገድ እንደሚያመለክት ሰው በተረጋጋ ድምፅ ነው። ከዚያ ጠየቀ፦

«ወዲያው ነው የሞተው?»

ሸዋረገድ የሐኪሙን ወረቀት አስታወሰች። መዋሸት ትችል ነበር።

«ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቷል።»

ሉቃስ ራሱን ነቀነቀ። «አውቃለሁ» አለ። «ደረጃውን ስወርድ ይጠራኝ ነበር። እኔ የገፋሁት አልመሰለውም፤ ሉቃስ ድረስልኝ ነበር የሚለው።»

ሸዋረገድ እጆቹን አሰረችና ደረጃውን ቀድማ ወረደች።