የአሮጌው መንገድ ታፔላ

የጋሽ ተክለማርያም ሬሳ የተገኘው ከአስኮ በታች፣ መኪና ከረሳው መንገድ ላይ ነው። ግንባራቸው ከኪሎሜትር ድንጋዩ ጋር ተላትሞ፣ የኖራ ባልዲያቸው አጠገባቸው ተደፍቶ ነበር። ዕድሜያቸውን የፈጁት በመንገድ ጥገና ሥራ ነው። መንገዱ ከተዘጋ በኋላም በየዓመቱ ድንጋዮቹን ኖራ ይቀቡ ነበር። ለማን ብለው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ ሰፈሩ «አብደዋል» ብሎ ተገላግሏል።

መንገዱ ድሮ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ገጠር ይወርድ ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው፤ አንድ ቀይ አውቶቡስም ከነተሳፋሪዎቹ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ አዲሱ መንገድ በላይ በኩል አለፈ፣ ይኼኛውን ሣር ዋጠው። አመሻሽ ላይ ከኩርባው የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል ይባላል። እኔ አልሰማሁም፤ ለመስማት ሄጄም አላውቅም። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ለሟቾቹ አንድ ድንጋይ ስለሚጥል ክምሩ የሰው ቁመት አክሏል። ከክምሩ ላይ ድንጋይ የሚያነሳ የአገሬው ሰው ግን የለም።

ኢንስፔክተር ነኢማ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ጠበቋት። አንደኛው የሟች ጎረቤት ጋሽ ኪዳን ናቸው፤ ያን አውቶቡስ ሲነዱ በተአምር የተረፉት። ልትጨብጣቸው እጇን ስትዘረጋ፣ እጁ እንደቆሸሸ ሰው የእጃቸውን አንጓ ሰጧት።

«ትናንት ወደዚህ መጥተው ነበር?»

«እኔ? ከአደጋው ወዲህ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ሙታኑ ናቸው የወሰዱት፣ ልጄ። ድልድዩ መፍረሱን እያወቀ ታፔላ አልተከለም። ያ ሁሉ ነፍስ በእሱ ነው የጠፋ።»

ሁለተኛው ጀይሉ ነው፤ በቅርቡ ወደ ሰፈሩ የመጣና ቦታው ላይ መጋዘን መሥራት የሚመኝ ነጋዴ።

«አልዋሽም፣ ከሳቸው ጋር ተጨቃጭቀናል» አለ። «‹መንገድ ነው፣ አይነካም› አሉኝ። የታለ መንገዱ? ይኼን የድንጋይ ክምር እንኳ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለመሠረት ላስጭነው ነበር፣ ገልባጭ ሁሉ ተከራይቻለሁ።»

ጋሽ ኪዳን ክው አሉ። ነኢማ አየቻቸው።

ሦስተኛዋ የሟች ልጅ ማራኪ ናት። ራቅ ብላ ቆማለች፤ አታለቅስም።

«ትናንት ደወለልኝ» አለች። «‹ታፔላውን አገኘሁት፣ ነይና እይልኝ› አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። እናቴ እኮ አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች። አባትሽ ነው የገደላት እየተባልኩ ነው ያደግኩት።»

ነኢማ ወደ ኪሎሜትር ድንጋዩ ተመለሰች። ሥሩ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ከዚያ ክምሩን ቀስ ብላ ዞረችው፣ አንድ ቦታ ላይም ጎንበስ አለች። ሲፈተሽ እንዲያዩ ሦስቱንም፣ በዙሪያው የቆሙትን ጎረቤቶችም ጠራች።

«እነዚህ ድንጋዮች ላይ በኖራ የታተሙ የጣት አሻራዎች አሉ» አለች። «ስለዚህ የተነካኩት ባልዲው ከተደፋ በኋላ ነው። አንሷቸው።»

ሰው አጉረመረመ። ማንም እጁን ስላልዘረጋ ራሷ አነሳቻቸው። ከሥር ጭቃ የለበሰ፣ የተጨፈለቀ ብረት ወጣ፤ «ድልድዩ ፈርሷል፣ ማለፍ ክልክል ነው» ይላል። ጠርዙ ላይ የአውቶቡሱ ቀይ ቀለም ተፍቆ ቀርቷል።

«ታፔላው ተተክሎ ነበር፤ የጣለው አውቶቡሱ ነው፣ የቀበረው ደግሞ የጎርፉ ጭቃ» አለች ነኢማ። «ጀይሉ አልደበቀውም፤ ዛሬ ሊያስጭነው በነበረው ክምር ውስጥ ምን ብሎ ይደብቃል? ማራኪም ብትሆን አባቷን ነፃ የሚያወጣ ነገር አትቀብርም። የደበቀው ከዚህ ላይ ድንጋይ እንደማይነሳ እርግጠኛ የነበረ ሰው ነው። ጋሽ ኪዳን፣ መዳፍዎን ያሳዩኝ።»

እርጥብ ኖራ ቆዳ ይልጣል። ሽማግሌው መዳፋቸውን ሲዘረጉ ቀልቶ ተልጦ ነበር።

«ከአጥሬ ሆኜ ከጉድጓዱ ሲያወጣው አየሁት» አሉ። «ልቀማው ስል ታገለኝ፣ ገፋሁት። መግደል አልፈለግኩም።»

«ያኔስ?» አለች ማራኪ። «ታፔላውን አይተውት ነበር?»

«አይቼዋለሁ። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ነው ጥሼው ያለፍኩት።»

ፖሊሶቹ ሲወስዷቸው ማራኪ ዞራ አላየችም። ታፔላውን ተሸክማ ጉድጓዱ ድረስ ወሰደችው፤ አቁማም በድንጋይ ደገፈችው። ጭቃውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ፊደሎቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

«አየሁልህ፣ አባዬ» አለች።