ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ ነው የተጣራው

በሩ ተዘግቷል? ክፈቱት። ይህን የምነግራችሁ በሩ ክፍት ሆኖ ነው። ፈሪ ካለ ወደ እሳቱ ይጠጋ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። ከአውሮፕላን ሜዳው እስከ መንደሩ አንድ ቀጭን መንገድ አለ፤ ግራውም ማሽላ፣ ቀኙም ማሽላ። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ። በዚያ መንገድ ሁለት ሰዎች ይሄዳሉ። ፊት ፊት ፋኖስ ይዞ የሚሄደው የሜዳው ዘበኛ አያ እንድሪስ ነው። ከኋላ ያለው ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ በዚያ አገር ምን ይሠራል አትሉም? አንበጣ ይገድላል። በትንሽ አውሮፕላን እየዞረ መድኃኒት ይረጫል። መንደሩ ካፒቴን ይለዋል። ስሙ ቪቶልድ ነው፤ ከእንድሪስ በቀር ግን ስሙን የሚያውቅ የለም።

አገሩ ፖላንድ ነው። በትልቁ ጦርነት ጊዜ ጠላት አገሩን በአንድ ወር ዋጠበት። እሱም ድንበር ለድንበር እየሾለከ እንግሊዝ ገባና የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነጂ ሆነ። ሥራው በሌሊት ነበር። ስድስት ሆነው ነው የሚበሩት። አንዱ ካርታ ያነባል፣ አንዱ ጭራው ላይ ወደ ኋላ ዞሮ መትረየስ ይዟል፣ ሌሎቹም በየጥጋቸው ናቸው። ጨለማ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያይም። ታዲያ ካፒቴኑ ጓዶቹ መኖራቸውን በምን ያውቃል? ጆሯቸው ላይ ስልክ አለ። በሽቦ በየስማቸው ይጠራቸዋል። አቤት ያለ አለ። አቤት ያላለ የለም።

ሃያ ሰባት ጊዜ ሄዶ ሃያ ሰባት ጊዜ ተመለሰ። በሃያ ስምንተኛው አውሮፕላኑ በእሳት ተያያዘ። አምስቱን ጠራ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። ሕጉ ካፒቴን የሚዘለው መጨረሻ ነው ይላል። እሱም መጨረሻ የቀረሁት እኔ ነኝ ብሎ በጃንጥላ ዘለለ። ጦርነቱ ሲያልቅ አገሩን ሌላ ጌታ ይዞት ስለጠበቀው አልተመለሰም። ሲንከራተት ሲንከራተት እኛ ዘንድ ደረሰ። ይህን ሁሉ ለእንድሪስ የነገረው በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በትንሽ በትንሹ።

እና ያን ምሽት ማሽላው መካከል ሲደርሱ ከኋላቸው አንድ ሰው ተጣራ። "ቪቶልድ!"

ማን ነው ስሙን የሚያውቀው? እንድሪስ ነው። እንድሪስ ደግሞ ከፊት ነው፤ አፉን አልከፈተም።

ካፒቴኑ ሊዞር ሲል እንድሪስ እጁን ያዘው። በሌሊት ስም ሲጠራ እስከ ሦስተኛው ዝም ነው፣ ክፉ ነገር ሁለቴ እንጂ ሦስቴ አይጣራም፣ አለው። ሁለተኛ ተጠራ። ሦስተኛ የለም። ቤታቸው ገቡ፤ እራታቸውን በሉ።

በማግስቱ የሚጣሩት ሁለት ሰዎች ሆኑ። በሦስተኛው ቀን ሦስት። መንገድ ለምን አልቀየሩም ትሉኝ ይሆናል። ሌላ መንገድ የለማ። አንበጣውም ማሽላው ላይ ሊወርድ ስለደረሰ ካፒቴኑ እስኪመሽ ሥራ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን አራት ድምፅ ተጣራ፤ ቃጠሎ ቃጠሎም ሸተተ።

በአምስተኛው እንድሪስ ፋኖሱን ከፍ አደረገ። ማድረግ አልነበረበትም። የፈሩት ይደርሳል አይደል? አምስት ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመዋል። ተራርቀው ነው የቆሙት፤ አንዱ ሌላውን አያይም። የመጨረሻው ጀርባውን ሰጥቷል።

አምስቱም "ቪቶልድ" አሉ። ቆዩና ደግመው "ቪቶልድ" አሉ።

"ሦስተኛውን ይጠብቁ፣ ካፒቴን" አለ እንድሪስ።

"እኔም የጠራኋቸው ሁለት ጊዜ ነው" አለ ካፒቴኑ። "ሽቦው ተቆርጦ ይሆናል። አቤት ብለውኝ ይሆናል፣ አያ እንድሪስ" አለ።

እጁን ከእንድሪስ እጅ አላቀቀ። በአገሩ ቋንቋ አቤት አለ። ፋኖሱ ጠፋ።

እንድሪስ ክብሪት ሲጭር መንገዱ ላይ ማንም የለም። ካፒቴኑም የለም። ማሽላው ንቅንቅ አላለም። ከጨለማው ውስጥ ድምፅ መጣ። የካፒቴኑ ድምፅ ነው።

"እንድሪስ!"

ዝም አለ።

"እንድሪስ!"

አሁንም ዝም አለ። ሁለት ሆነ። ከሁለት በኋላ የለም።

"አያ እንድሪስ!"

ሦስተኛው ነው። ሦስተኛ የሚጣራ ሰው ነው፤ ሕጉን የተናገረው ራሱ እንድሪስ ነው። አቤት ይባላል። አለ? አላለም። ፋኖሱን ጥሎ እስከ ቤቱ ሮጠ።

ካፒቴኑ ተፈልጎ አልተገኘም። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ቆሞ ቀረ፤ አንበጣውም ማሽላውን ጨረሰው። እንድሪስን ግን ጸጸት በላው። ሰውየው በሕይወት ነበረ፣ ጠራኝ፣ ጥዬው ሄድኩ ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ በየምሽቱ እዚያ መንገድ ላይ ይወጣና ማንም ሳይጠራው አቤት ይል ነበር።

ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አሁንም ይላል።

ስለዚህ በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። የግድ ከሄዳችሁም የማንንም ስም አትጥሩ። አቤት የሚላችሁ አይጠፋም።