ሲፈንና ብዙዎቹ ቢጫ ቤቶች

ከሩቅ ባሕር ማዶ፣ ቺሊ በሚባል አገር፣ ኮረብታ ላይ የተንጠላጠለች ከተማ አለች። ስሟ ቫልፓራይሶ ነው።

የሲፈን አባት መርከብ ላይ ይሠራል። መርከቡ እዚያች ከተማ ሲቆም፣ ሲፈንና እናቷ ሊጠይቁት ሄዱ።

ያረፉት ዶኛ ኤርሚንያ የሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። ቤቱ ቢጫ ነው።

አንድ ቀን አባቷ ሥራ ሲሄድ፣ እናትና ልጅ ከተማውን ሊያዩ ወጡ።

«ስንመለስ መንገዱን የማሳይሽ እኔ ነኝ» አለች ሲፈን። እናቷም እሺ አለቻት።

መጀመሪያ ሰው ከኮረብታው የምታወርድ አንዲት ትንሽ የእንጨት ክፍል ውስጥ ገቡ። ክፍሏ በሐዲድ ላይ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረች። ኪርርር! ኪርርር!

ቤት ነው? ወይስ መኪና? ሲፈን ግራ ገባት።

ታች፣ ባሕሩ ዳር፣ እናቷ የባሕር አንበሳ አሳየቻት። አንበሳው ጎፈር የለውም። እንደ ትልቅ ጆንያ አሸዋው ላይ ተጋድሟል።

«ኧርክ! ኧርክ!» አለ። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አንበሳ ነው? ሲፈን ግራ ገባት።

ከዚያ ረጅም ደረጃ ወጡ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ደረጃው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ተቀብቷል።

ባሕሩ በቀኝ በኩል ነበረ። ዞር ሲሉ በግራ ሆነ። እንደገና ዞር ሲሉ ጭራሽ ጠፋ። ሲፈን በጣም ግራ ገባት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች። «በይ ሲፉ፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ» አለች እናቷ።

ሲፈን ቢጫ ቤት አየችና ሮጠች። ኳ! ኳ! ኳ! አንድ ጢማም ሽማግሌ ከፈቱ። የዶኛ ኤርሚንያ ቤት አይደለም።

ሌላ ቢጫ ቤት አየች። ኳ! ኳ! ኳ! ማንም አልከፈተም። መስኮቱ ላይ የተኛች ድመት ብቻ አዛጋች።

ሲፈን ቀና ብላ ኮረብታውን አየች። ቢጫ ቤት። ቢጫ ቤት። አሁንም ቢጫ ቤት።

እናቷ የትኛው እንደሆነ ጠየቀቻት። ሲፈን አላውቅም ማለት አፈረች።

ወደ ላይ ወጡ። ወደ ታች ወረዱ። የሲፈን ዓይኖች እንባ አቀረሩ።

በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እማዬ፣ ግራ ገባኝ» አለች። «ቤታችን የቱ እንደሆነ አላውቅም።»

እናቷም አጠገቧ ቁጭ አለች። «እኔም ግራ ገብቶኛል፣ ልጄ። ነይ፣ ሰው እንጠይቅ።»

አብረው አንድ በር አንኳኩ። ኳ! ኳ! ኳ! ሽርጥ ያደረጉ ሴትዮ ከፈቱ።

ሴትዮዋ አማርኛ አይችሉም። ሲፈንም የእሳቸውን ቋንቋ አትችልም። አንድ ስም ግን ታውቃለች።

«ዶኛ ኤርሚንያ» አለች።

ሴትዮዋ ሳቅ አሉ። እጇን ይዘው ወደ መስኮታቸው ወሰዷት።

ማዶ ሌላ ኮረብታ አለ። ኮረብታው ላይ ቢጫ ቤት አለ። እዚያ ሰገነት ላይ አንዲት አሮጊት የደረቀ አንሶላ ከገመድ ያወርዳሉ።

ሴትዮዋ በመስኮቱ ብቅ ብለው ተጣሩ። «ኤርሚንያአአአ!»

ማዶ ያሉት ዶኛ ኤርሚንያ ቀና አሉ። ሲፈንን ሲያዩ አንሶላውን አውለበለቡላት።

ለካ ሲፈንና እናቷ የወጡት ሌላ ኮረብታ ነው።

ሴትዮዋ ከፊት እየመሩ ቁልቁል፣ ከዚያም ሽቅብ ወሰዷቸው። ዶኛ ኤርሚንያና የሲፈን አባት በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

አባቷ ሲፈንን አቅፎ አልጋዋ ላይ አስቀመጣት። ቀኑን እንዴት እንደዋለች ጠየቃት።

ሲፈን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን እንቅልፍ ቀደማት።

አባቷ ቀስ ብሎ ጫማዋን አወለቀላት። ከጫማዋ የባሕር ዳር አሸዋ ፈሰሰ። ሽርርርር።