ያልተለወጠው የሮባ ኮድ

ደጀን ጭሮ መሀል ባለው የኮምፒውተር ቤቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ ከፊቱ የነበረው ብርጭቆ እትዬ ፈለቀች ያፈሉት የዝንጅብል ሻይ ነበር። ጉንፋን አፍንጫውን ደፍኖት ስለነበር «ላብ ያወጣልሃል» ብለው፣ በሳህን ከድነው፣ በልጅ ልጃቸው በሮዳስ እጅ ላኩለት። ሐኪሙ ሻዩ ውስጥ የጫት ተባይ ማጥፊያ አገኘ። ሮዳስ ታሰረች።

እትዬ ፈለቀች ከዚያ ወዲህ ከፖሊስ ጣቢያው በር አልራቁም። እህል በአፋቸው አልዞረም። የሚወጣ የሚገባውን ሁሉ «እኔን እሰሩኝ፤ ያፈላሁት እኔ ነኝ!» ይላሉ። ሰሚ የለም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ኮከቤ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ይነሱ እንጂ፣ መሬቱ ይበርድዎታል።»

«እሷ እዚያ ውስጥ እየበረዳት እኔን ምን ይሞቀኛል?»

«ሮዳስ ሻዩን ሰጥታ ወዴት ሄደች?»

«ወደኔ። ደም ግፊቴ ተነሥቶ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሞቱ እስኪሰማ ከጎኔ አልተለየችም። ግን የአያትን ምስክርነት ማን ያምናል፣ ልጄ?»

ኮከቤ አላባበለቻቸውም። «እኔ እሰማለሁ፤ ማመኑን ግን ገና ነኝ» አለች። የእትዬ ፈለቀች ልብ ይበልጥ ሸሸ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች ከደጀን ጋር ይሠሩ ነበር። እህቱ ሚካል ደንበኛ ታስተናግዳለች። የጫት ማሳ ያለው ታምራት ገለምሶና በደሳ እየወረደ የቡና ገበሬዎችን ፎቶ ያነሣል። ሮዳስ ደግሞ ገበሬዎቹን ለቡና ገዢዎች የሚያስተዋውቀውን ስላይድ ታዘጋጃለች። የእያንዳንዱ ገበሬ ስምና የፎቶው አድራሻ ኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ይሞላል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ፎቶው፣ እንዲሁም ስልክ ሲደገንበት ያንኑ ፎቶ የሚያወጣው ኪውአር ኮድ በራሳቸው ስላይዱ ላይ ይቀመጣሉ።

ሚካል እያለቀሰች «እኔ ገበያ ነበርኩ» አለች። «ከሮዳስ ሌላ ሻይ የሰጠው ማን አለ? እንደ እህቱ ነበር የሚያያት!»

ታምራት ተረጋግቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። «እኔ ያን ዕለት በደሳ ነበርኩ። ይኸው፣ ገበሬው ሮባ። ጠዋት እማሳው ላይ ያነሣሁት ነው።»

ኮከቤ ፎቶውን ቀረብ ብላ አየችው። ሮባ ቡና ሥር ቆሟል፤ ከራሱ በላይ ቅርንጫፉ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«ደስ የሚል ፎቶ ነው» አለችና ወጣች።

በማግሥቱ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ሮዳስ ከፖሊስ ጋር ገባች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እትዬ ፈለቀች ሊያቅፏት ሲሉ ፖሊሱ ክንዳቸውን ያዘ። «እንድነካት እንኳ?» አሉ። ከበሩ አጠገብ አንድ የማያውቁት ገበሬ ተቀምጧል።

ኮከቤ የሮባን ስላይድ ግድግዳው ላይ አበራች።

«ታምራት፣ አሁን ኅዳር ነው። በደሳ ቡናው ቀልቶ እየተለቀመ ነው። ይሄኛው ግን አበባ ላይ ነው።»

«ምናልባት... ፎቶ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ሮዳስ፣ ኤክሴሉ ላይ የፎቶ አድራሻ ቢቀየር ስላይዱ ምን ይሆናል?»

«ፎቶው አብሮ ይቀየራል» አለች ሮዳስ። «ኮዱ ግን አንዴ ከተሠራ እንደ ማኅተም ነው። የፊተኛውን ፎቶ ነው የሚያወጣው።»

የታምራት ፊት ተለወጠ። እሱ ፎቶ ማንሣት እንጂ ይህን አያውቅም።

ኮከቤ ስልኳን ለእትዬ ፈለቀች ሰጠቻቸው። «እስቲ እዚያ ጥቁርና ነጭ ነገር ላይ ይደግኑት።»

እትዬ ፈለቀች ስልኩን ደገኑ። «እመቤቴ፣ አንቺው ታውቂያለሽ!» ስልኩ ፎቶ አወጣ፤ ያ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ገበሬ፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ። ከኋላው ደጀን ግማሹ የተጠጣ ብርጭቆ ይዞ ይስቃል።

«ሮባ፣ ያን ዕለት የት ነበርክ?»

«እዚህ ነዋ» አለ ገበሬው። «ለገበያ መጣሁ፣ ታምራት እዚሁ አነሣኝ። ልጅቷ ሻይ ሰጥታ ሄዳ ነበር። ደጀን ቁልፍ ተጫነ፣ ፊቴ ግድግዳ ላይ ወጣ። የሌሎቹንም አሳየኝ። እኔ ሳቅኩ። ‹ይሄ ሰውዬ እዚህ ጭሮ ጫት የሚጭን ነው፣ እንዴት በሦስት ስም ቡና ገበሬ ሆነ?› አልኩ። ደጀን አልሳቀም። ታምራትን አየው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ደህና ነበር። ታምራት እዚህ ቀረ።»

ኮከቤ ወደ ታምራት ዞረች። «ደጀን እንግዳ ሳይሸኝ አይቀርም፤ ይህን ታውቃለህ። ሻዩን ሮዳስ መርዛው ቢሆን ግማሹን ጠጥቶ መኪና ድረስ አይሄድም ነበር። አንተ ሩቅ አገር ላለመውረድ አንዱን ሰው ሦስት ገበሬ አደረግኸው። ጉድህ ታውቆ እሱ ሮባን ሲሸኝ ብርጭቆው ክፍት ነበር፤ ለጫትህ የገዛኸው የተባይ መድኃኒትም በቦርሳህ። እሱ ደግሞ በጉንፋኑ ሽታ አይለይም። ከዚያ ‹በደሳ ነበርኩ› ለማለት የዱሮ ፎቶ አገባህ። ፎቶውን ለወጥከው፤ ኮዱ ግን እምቢ አለህ።»

«ሊያዋርደኝ ነበር» አለ ታምራት፣ መሬት መሬቱን እያየ። «አገር ሁሉ ሊስቅብኝ ነበር።»

ሲወስዱት ሮዳስ አያቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። እትዬ ፈለቀች ፀጉሯን፣ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን ዳሰሱ፤ የጎደለ ነገር እንዳለ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ሚካል ስልኩን ይዛ ተጠጋች፤ ይቅርታ ልትጠይቅ ፈልጋ የወንድሟን ፎቶ አሳየቻት።

«ሮዳስ... ይሄስ ፎቶ ይለወጥ ይሆን?»

«አይለወጥም።»

እትዬ ፈለቀች አንገታቸውን አስግገው አዩት። ደጀን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ሻዬን ወዶት ነበር» አሉ፤ ያን ጊዜ እንባቸው መጣ።